የውጭ ሪፖ ስጨምር ምን እንደምሰጥ ያወቅኩበት ሌሊት

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከላይ በግራ በኩል የኮምፒውተሩ ስም በነጭ ፊደል ተጽፏል። ከጎኑ ‹ሎጊን› ይላል። ከዚያ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ሰረዝ። በቃ። የሚነካ ነገር የለም፣ የሚከፈት መስኮት የለም።

ጊዜው ሐምሌ 2014 ነው፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ላፕቶፑ የታላቅ እህቴ ነው። ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት፣ ሐምሌ ደግሞ የግብር ወር ነው። የሱቁ የቆየ ሂሳብ በድሮ የዊንዶውስ ፕሮግራም የተያዘ ነበር። እሱን ከፍቼ እስከ ጠዋት አወጣልሻለሁ ብያት ነበር። አሁን ግን ሂሳቡ ቀርቶ ላፕቶፑ ራሱ አልከፈት አለ።

ችግሩ የተጀመረው ያን ሌሊት አይደለም። ከዓመት በፊት በጨመርኩት አንድ የውጭ ሪፖ ነው የተጀመረው። ይህን የምጽፈው እናንተም አንድ መስመር ኮማንድ ኮፒ አድርጋችሁ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ምን እየሰጣችሁ እንደሆነ እንድታውቁ ነው።

ለአዲስ ሰው ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። የእህቴ ላፕቶፕ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በኡቡንቱ ነው፣ ኡቡንቱ አንዱ የሊኑክስ ዓይነት ነው። ኡቡንቱ ላይ ፕሮግራም የሚመጣው ሪፖዚተሪ ከሚባል ማከማቻ ነው። እኛ ባጭሩ ሪፖ እንለዋለን። አፕት የሚባለው መሣሪያ የሪፖዎቹን አድራሻ ያነባል፣ የፓኬጆቹን ዝርዝር ያወርዳል፣ የጠየቃችሁትን ፓኬጅ ከነሚያስፈልገው ላይብረሪ ሁሉ ይጭናል። ፓኬጅ ማለት ለመጫን የተዘጋጀ የፕሮግራም ጥቅል ነው፣ ላይብረሪ ደግሞ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ኮድ ነው። አድራሻዎቹ ያሉት ‹ኢቲሲ› ውስጥ፣ ‹አፕት› በሚባለው ፎልደር ስር ነው። አንዱ ‹ሶርስስ ሊስት› የሚባለው ፋይል ነው። ከጎኑ መጨረሻው ላይ ነጥብና ዲ ያለው ፎልደር አለ፣ የውጭ ሪፖዎች ብዙ ጊዜ የሚገቡት እዚያ ነው።

ኡቡንቱ የራሱ ሪፖዎች አሉት። ‹ሜይን› በሚባለው ውስጥ ያሉትን ፓኬጆች የኡቡንቱ ኩባንያ ካኖኒካል ራሱ ይጠብቃቸዋል። ‹ዩኒቨርስ› ውስጥ ያሉትን በአብዛኛው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበረሰብ ነው የሚንከባከባቸው። ከነዚህ ውጭ የምትጨምሩት ሁሉ የውጭ ነው። በጣም የተለመደው ፒፒኤ የሚባለው ነው። ላውንችፓድ በሚባለው የካኖኒካል ድረ ገጽ ላይ አካውንት ያለው ማንም ሰው የራሱን ፒፒኤ መክፈት ይችላል። ላውንችፓድ ኮዱን ወስዶ ፓኬጁን ይሠራለታል፣ በቁልፍ ይፈርምለታል። ፓኬጁ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ የሚያይ ግን የለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። እኔም ላውንችፓድ የኡቡንቱ ቤት ስለሆነ ‹ያው ተመርምሮ ነው የሚገባው› ብዬ አስብ ነበር።

ታዲያ ሰው የውጭ ሪፖ ለምን ይጨምራል? አዲሱን ቨርዥን ስለሚፈልግ ነው። ኡቡንቱ 20.04 ማለት በፈረንጆቹ 2020፣ በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። በዚያ ቀን የነበሩት የፕሮግራም ቨርዥኖች በአብዛኛው እዚያው ላይ ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ የሚገባው የስህተትና የደኅንነት ጥገና ነው። ቁጥሩ አሮጌ ቢመስልም ቀዳዳው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ ግማሹን ሪፖ ባልጨመርኩ ነበር። አዲስ ቁጥር ሳይ ሁሌ የተሻለ ይመስለኝ ነበር።

የእህቴ ላፕቶፕ ላይ የጨመርኩት የግራፊክስ ድራይቨር ፒፒኤ ነበር። ቪዲዮ እየተቆራረጠ አስቸገራት። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው ‹ይህን ጨምሩ፣ ይስተካከላል› ብሎ የጻፈውን አገኘሁ። ጨመርኩ፣ እውነትም ተስተካከለ። ችግሩ ያ ፒፒኤ አንድ ፕሮግራም አይደለም የሰጠኝ። ስክሪኑን የሚሥለው ነገር ሁሉ የተደገፈባቸውን ላይብረሪዎች ነው የተካው። ዴስክቶፑም፣ መግቢያው ገጽም፣ ብራውዘሩም የሚቆሙት በነሱ ላይ ነው።

ከዓመት በኋላ፣ ሰኔ ላይ፣ ‹አሁን አያስፈልግም› ብዬ የሪፖውን ፋይል ሰረዝኩት። ያጸዳሁ መስሎኝ ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉና አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሪፖውን አድራሻ መሰረዝ ከሪፖው የመጡትን ፓኬጆች አያጠፋም። ፓኬጆቹ እንዳሉ ይቀራሉ። የኡቡንቱ ቨርዥን ከነሱ ያነሰ ቁጥር ስላለው አፕት በራሱ ወደ ኋላ አይመልሳቸውም። የመጡበት ሪፖ ስለሌለ ደግሞ አዲስ ጥገና አይደርሳቸውም። መሀል ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

ሐምሌ ላይ ያን የድሮ የሂሳብ ፕሮግራም ለመክፈት ዋይን አስፈለገኝ። ዋይን የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ ነው። ላፕቶፑ ባለ 64 ቢት ቢሆንም ፕሮግራሙ የድሮው ባለ 32 ቢት ዓይነት ስለነበር ባለ 32 ቢቶቹ ላይብረሪዎችም መግባት ነበረባቸው። እና እዚህ ጋ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ አንድ ላይብረሪ በ32 ቢትም በ64 ቢትም ሲጫን የሁለቱ ቨርዥን አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የእህቴ ላፕቶፕ ላይ 64 ቢቱ ከፒፒኤው የመጣው ትልቁ ቁጥር ነው። 32 ቢቱ ደግሞ ከኡቡንቱ የሚመጣው ትንሹ ነው። አልገጣጠም አሉ።

አፕት መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ነበር የነገረኝ። ‹የሚያስፈልጉ ፓኬጆች አልተሟሉም› ብሎ ቆመ። እዚያው ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ጎደለ ያለኝን ላይብረሪ በስሙ እየጠራሁ በእጄ መጫን ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ረጅም ጽሑፍ መጣ። ስክሪኑ ሞልቶ ወደ ላይ ሸሸ። ከታች የቀረችው ያቺ የለመድኳት ጥያቄ ናት፦ ‹መቀጠል ትፈልጋለህ?› ከጎኗ በቅንፍ ውስጥ ትልቁ ዋይና ትንሹ ኤን። ትልቅ ሆኖ የተጻፈው ፊደል ኢንተር ብቻ ስትመቱ የሚወሰደው መልስ ነው። ዋይ ማለት እሺ ነው። ኢንተር መታሁ።

ወደ ላይ ሸሽቶ ያላነበብኩት ክፍል ‹የሚከተሉት ፓኬጆች ይወገዳሉ› ይል ነበር። ስር ዴስክቶፑን የሚያሳየው ጂኖም ሼል አለ፣ የመግቢያው ገጽ ጂዲኤም አለ፣ ኡቡንቱ ዴስክቶፕ አለ። አፕት የጠየቅኩትን ላይብረሪ ለማስገባት ዴስክቶፑን በሙሉ አወጣው። ላፕቶፑን ሳስነሳው ነው ያን ጥቁር ስክሪን ያየሁት።

እህቴ ከእንቅልፏ ነቅታ መጣች። ‹ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?› አለችኝ። ‹አይዞሽ እታለም፣ ፋይሎችሽ አሉ› አልኳት። ፋይሎቹ እውነትም አልተነኩም። የአፕት ስህተት ‹ሆም› ውስጥ ያለውን የግል ፋይል አይነካም። ይህን ማወቁ በራሱ ሰውን ያረጋጋል። ቢሆንም ከመጀመሬ በፊት የሱቁን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። በጥቁሩ ስክሪን ላይም ቢሆን ዩዘር ኔምና ፓስወርድ አስገብቶ መግባት ይቻላል።

አሁን ያወጣንን ነገር በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው።

በመጀመሪያ ስልኬን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ የስልኩን ኢንተርኔት የሚያካፍለውን ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ከፈትኩ። የኔትወርክ ማኔጀሩ ስላልተወገደ ኢንተርኔቱን ራሱ ያዘው። ከዚያ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው የሚሠራው። የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ‹ቆይ፣ ምንም እንዳትጭን። ምን እንደወጣ አይተሃል?›

አላየሁም ነበር። የት እንደሚታይም አላውቅም። ‹ቫር› ውስጥ፣ ‹ሎግ› ውስጥ፣ ‹አፕት› ውስጥ፣ ‹ሂስትሪ› የሚባል ፋይል አለ። አፕት የሠራውን ሁሉ እዚያ ይጽፋል። ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተሰጠውን ኮማንድ፣ የገባውን፣ የወጣውን። የመጨረሻውን ክፍል ሳየው ያ ሸሽቶብኝ የነበረ ዝርዝር ሙሉውን ቁጭ ብሏል። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።

ኡቡንቱ ዴስክቶፕን መልሼ ልጫን ስል ያው ‹አልተሟሉም› መጣ። ጓደኛዬ ‹አፕት ፖሊሲ› ብዬ የአንዱን የተረፈ ላይብረሪ ስም እንድጽፍ ነገረኝ። ይህን ኮማንድ ልመዱት። ለአንድ ፓኬጅ የትኛው ቨርዥን እንደተጫነ፣ የትኛው ሊጫን እንደሚችል፣ እያንዳንዱ ከየት እንደሚመጣ በሦስት አራት መስመር ያሳያል። የተጫነው ቨርዥን አጠገብ የመጣበት ሪፖ አድራሻ አልነበረም። ላፕቶፑ ውስጥ ካለው መዝገብ በቀር ማንም አያውቀውም። ከታች ደግሞ የኡቡንቱ ቨርዥን በትንሹ ቁጥር ቆሞ ይጠብቃል።

‹ፒፒኤ ፐርጅ ጫን› አለኝ። ፒፒኤ ፐርጅ ከኡቡንቱ የራሱ ሪፖ የሚገኝ ትንሽ መሣሪያ ነው። የፒፒኤውን ስም ስትሰጡት ከዚያ የመጡትን ፓኬጆች አንድ በአንድ ወደ ኡቡንቱ ቨርዥን ይመልሳቸዋል፣ ሪፖውንም ይዘጋዋል። ጫንኩት፣ ስሙን ሰጠሁት፣ የፓኬጆቹን ዝርዝር አላገኘሁም አለኝ። ሰኔ ላይ ሪፖውን ሰርዤዋለሁኝ እኮ! ዝርዝሩን ከየት ያምጣው? ስለዚህ ያንን የሰረዝኩትን ፒፒኤ መልሼ ጨመርኩ፣ አፕት ዝርዝሩን እንዲያድስ አፕት አፕዴት አደረግኩ፣ እንደገና ፒፒኤ ፐርጅ ሰጠሁት። አሁን ዝርዝሩን አገኘ። ይወገዳል የሚለውን ክፍል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፣ ለጓደኛዬም በስልክ አነበብኩለት። ከዚያ ዋይ።

ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ወርዶ ሲገባ ሊነጋጋ ነበር። መግቢያው ገጽ ሲመጣ እህቴ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ዋይን ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ገባ። ሁለቱም ቨርዥኖች አሁን አንድ ናቸውና። ሂሳቡን ረፋድ ላይ ነው ያወጣሁላት፣ በማግስቱ ወስዳ አሳወቀች።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ላፕቶፖቻችንን በሙሉ መመርመር ጀመርኩ። የእኔ ላይ 11 የውጭ ሪፖ አገኘሁ። አራቱ ለምን እንደገቡ አላስታውስም። አንዱን ጨርሶ አልጨመርኩትም። ለካ አንዳንድ ከድረ ገጽ የሚወርድ የዴብ ፋይል (ፓኬጁ ራሱ በፋይል መልክ) ሲጫን የራሱን ሪፖ አብሮ ይጨምራል። ጉግል ክሮም ለምሳሌ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ራሱን ለማደስ እንዲችል ነው። ለክሮም ምክንያቱ የሚገባ ነው፣ ግን የዴብ ፋይል ስትጭኑ ሪፖ ልትጨምሩ እንደምትችሉ እወቁ። ‹አፕት ፖሊሲ› የሚለውን ያለ ፓኬጅ ስም ብቻውን ብትጽፉት ኮምፒውተራችሁ የሚያውቃቸውን ሪፖዎች በሙሉ ይዘረዝራል። የተንጠለጠሉ ፓኬጆችን ለማግኘት ደግሞ የተጫኑትን በአፕት ዘርዝሩና ከጎናቸው ‹ሎካል› የሚል ያለባቸውን ፈልጉ። ሎካል ማለት አሁን ካሉት ሪፖዎች አንዱም አያውቀውም ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን የቁልፎቹ ነገር ነው።

እያንዳንዱ ሪፖ የዝርዝሩን ፋይል በቁልፍ ይፈርማል። በተፈረመው ፋይል ውስጥ የፓኬጆቹ መዝገብ አሻራ አለ፣ በመዝገቡ ውስጥ ደግሞ የእያንዳንዱ ፓኬጅ አሻራ አለ። አፕት ሰንሰለቱን ተከትሎ ያረጋግጣል። መንገድ ላይ አንድ ፊደል ቢቀየር ያውቃል። በጣም ጥሩ አሠራር ነው። የሚያረጋግጥላችሁ ግን ‹ይህ ፓኬጅ የቁልፉ ባለቤት የላከው ነው› የሚለውን ብቻ ነው። ባለቤቱ ታማኝ ነው ወይ የሚለውን አይመልስም። ያ የእናንተ ሥራ ነው። ፓኬጅ ሲጫን በውስጡ ያሉ ስክሪፕቶች በሩት ሥልጣን ይሠራሉ። ሩት ደግሞ ማንኛውንም ፋይል ማንበብ፣ መቀየር፣ ማጥፋት ይችላል። ሪፖ መጨመር ማለት ዛሬ አንድ ፕሮግራም መውሰድ ብቻ አይደለም። ነገም፣ የዛሬ ዓመትም አፕግሬድ ባላችሁ ቁጥር ያ ሰው ቤታችሁ ገብቶ በሙሉ ሥልጣን እንዲሠራ የቤት ቁልፍ መስጠት ነው።

የድሮ መመሪያዎች ቁልፉን ‹አፕት ኪይ› በሚባል ኮማንድ እንድትጨምሩ ያዛሉ። አትከተሏቸው። በዚያ መንገድ የገባ ቁልፍ ለሁሉም ሪፖ የታመነ ይሆናል። ለአንድ የሙዚቃ ማጫወቻ ብላችሁ ያስገባችሁት ቁልፍ የኡቡንቱን ራሱን ሪፖ መስሎ ለሚመጣ ፋይልም ይሠራል ማለት ነው። ለዚህ ነው ኮማንዱ እንዲቀር የተወሰነው። አሁን ያለው ትክክለኛ መንገድ ቁልፉን ‹ኢቲሲ› ስር፣ ‹አፕት› ውስጥ፣ ‹ኪይሪንግስ› በሚባለው ፎልደር ማስቀመጥ ነው። ከዚያ የሪፖው መስመር ላይ ‹ሳይንድ ባይ› ብላችሁ የዚያን ቁልፍ አድራሻ ትጽፋላችሁ። ያኔ ቁልፉ የሚከፍተው የራሱን በር ብቻ ነው። ከ23.10 ወዲህ ባለው ኡቡንቱ ፒፒኤ በተለመደው ኮማንድ ስትጨምሩ ይህን ራሱ ያደርግላችኋል።

አፕዴት ስታደርጉ ቁልፉ አልተገኘም ወይም ጊዜው አልፎበታል ቢላችሁ ወደ ሪፖው ባለቤት ገጽ ሄዳችሁ አዲሱን ውሰዱ። ‹ትረስትድ የስ ብለህ ጻፍና ይለፍህ› የሚል ምክር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። እባካችሁ እሱን አትስሙ። ጠባቂውን ከበር ማባረር ነው።

አሁን አዲስ ሪፖ ከመጨመሬ በፊት መጀመሪያ የማየው ቤት ውስጥ ያለውን ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኡቡንቱ የጫነ ሰው በብዛት የሚጠይቀኝ ‹አማርኛ በምን ልጻፍ?› ብሎ ነው። ብዙዎች ወዲያው የውጭ ሪፖ ፍለጋ ይሄዳሉ። ኡቡንቱ የራሱ ሪፖ ውስጥ ግን አይባስ ኤም17ኤን የሚባል ፓኬጅ አለ። እሱን ጭናችሁ፣ ወጥታችሁ ገብታችሁ፣ ከኪቦርድ ቅንብሩ አማርኛ ሴራን ትመርጣላችሁ። ‹ኤስ› እና ‹ኢ› ስትመቱ ‹ሰ› ይመጣል። ፊደሉ የማይታያችሁ ከሆነ አቢሲኒካ ሲል የሚባለው ፎንትም እዚያው ሪፖ ውስጥ አለ። ከቤት አልወጣችሁም፣ ለማንም ቁልፍ አልሰጣችሁም። ኪይማን የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም የለመደና እሱን ብቻ የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ የኪይማን ሰዎች የራሳቸው ፒፒኤ አላቸው። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፦ ፕሮግራሙን የሚሠሩት ራሳቸው፣ በራሳቸው ገጽ ላይ የሚያስተዋውቁት ሪፖ ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ለራሱ ብሎ ከሠራው ጋር አንድ አይደለም።

እኔ የምፈልገው ምልክት ይሄ ነው። ሪፖውን የፕሮግራሙ ባለቤት ራሱ ነው ወይ የሚያስተዳድረው? ፖስትግሬስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ኡቡንቱ ለተሠራበት ለዴቢያንና ለኡቡንቱ የራሱ ሪፖ አለው፣ ዶከርም አለው፣ ሞዚላም ለፋየርፎክስ አለው። ከነሱ መውሰድ ለእኔ አይከብደኝም። ፒፒኤ ከሆነ ገጹን ከፍቼ ሁለት ነገር አያለሁ። መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? ውስጡስ ስንት ፓኬጅ አለ? የፈለግኩት አንድ ፕሮግራም ሆኖ ሪፖው ውስጥ 40 ላይብረሪ ካገኘሁ እመለሳለሁ። እህቴ ላፕቶፕ ላይ የደረሰው ከዚያ ነው የመጣው። አንዳንዴም ፕሮግራሙ ፍላትፓክ ወይም ስናፕ በሚባሉ ሌሎች የፓኬጅ ዓይነቶች ይገኛል። እነሱ የሚፈልጉትን ላይብረሪ ለብቻቸው ይዘው ስለሚመጡ የሲስተሙን ላይብረሪዎች አይነኩም። በዳታ ለሚጠቀም ሰው መጠናቸው ከባድ ነው፣ ይህን አልክድም። ግን አንድ ዴስክቶፕ እንደገና ከማውረድ ይሻላል።

የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ገጥሞት ነበር። ሊኑክስ ሚንት 21 ነው የሚጠቀመው። አንድ መመሪያ እንዳለ ኮፒ አድርጎ ለጠፈ፣ አፕዴት ሲያደርግ ‹ይህ ሪፖ የሪሊስ ፋይል የለውም› አለው። ሪፖው የሞተ መስሎት ነበር። ሪፖው ደህና ነው። መመሪያው ውስጥ ያለው ኮማንድ የሲስተሙን የኮድ ስም ጠይቆ አድራሻው ላይ ይጽፋል። ሚንት ሲጠየቅ የራሱን ስም፣ ‹ቫኔሳ› ብሎ መለሰ። ሪፖው የሚያውቀው ግን ሚንቱ የተሠራበትን የኡቡንቱ 22.04 ስም፣ ‹ጃሚ›ን ነው። ፋይሉን ከፍተን ቫኔሳ የሚለውን በጃሚ ተካነው፣ ሠራ። ‹ኢቲሲ› ውስጥ ‹ኦኤስ ሪሊስ› የሚባለውን ፋይል ብታነቡ ትክክለኛው የኡቡንቱ ስም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ይህን ስትሠሩ ስሙ ከሲስተማችሁ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ለሌላ ቨርዥን የተሠራ ሪፖ በግድ ማስገባት ሌላ ጣጣ ነው።

ሪፖውን ከመረጥኩ በኋላ አጥር አበጅለታለሁ። ይህን ብዙ መመሪያ አይጽፈውም፣ እኔ ግን አሁን ያለሱ አልጨምርም። አፕት ለእያንዳንዱ ሪፖ የቅድሚያ ቁጥር ይሰጣል። የተለመደው 500 ነው። የውጭ ሪፖም የኡቡንቱም እኩል 500 ስለሚሆኑ ትልቅ ቨርዥን ያለው ያሸንፋል። ላይብረሪዎቻችን የሚዋጡት በዚህ ነው። ‹ፕሪፈረንስስ› በሚባለው፣ መጨረሻው ላይ ነጥብና ዲ ባለው ፎልደር ውስጥ አንዲት ትንሽ ፋይል ትጽፋላችሁ። ከዚህ ሪፖ ለሚመጣ ለማንኛውም ፓኬጅ ቁጥሩን አሉታዊ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 1 ታደርጉታላችሁ። ለምትፈልጉት ለአንዱ ፕሮግራም ብቻ ደግሞ 500 ትሰጣላችሁ። አሉታዊ ማለት በፍጹም አትጫን ነው። ያ ፕሮግራም የግድ ከዚያው ሪፖ ሌላ ላይብረሪ የሚፈልግ ከሆነ አፕት እምቢ ይላል፣ እናንተም የምትነኩትን ላይብረሪ ስሙን አይታችሁ ትወስናላችሁ። ከ1000 በላይ ከሰጣችሁት ግን ቨርዥን ወደ ኋላ ሊመልስ ስለሚችል በዚያ አትጫወቱ።

ከዚያ በፊት ግን ልምምድ አለ። አፕት ላይ ‹ሰረዝ ኤስ› ብትጨምሩ ምንም ሳይጭን ሊሠራ ያሰበውን ብቻ ያሳያችኋል። ጽሑፉ ከሸሸባችሁ ወደ ፋይል ላኩትና በጽሑፍ ማንበቢያ ክፈቱት። ‹ይወገዳሉ› የሚለው ስር ያልጠበቃችሁት ስም ካለ ኤን በሉና ተኙ።

የመብራት ነገርም አለ። ላፕቶፕ ካልሆነ ወይም ባትሪው ከደከመ፣ ዝናብ እየጣለ አፕግሬድ አትጀምሩ። መሀል ላይ ከጠፋባችሁ ‹ዲፒኬጂ› ለሚባለው መሣሪያ ‹ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ› ብላችሁ ስትሰጡት ከቆመበት ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ያ ላፕቶፕ መስከረም 2015 ላይ ወደ 22.04፣ ጥቅምት 2017 ላይ ደግሞ ወደ 24.04 አድጓል። ወደ አዲስ ቨርዥን ስታድጉ ኡቡንቱ የውጭ ሪፖዎችን ራሱ ይዘጋቸዋል። ፓኬጆቻቸውን ግን አያወጣም። የውጭ ፓኬጅ ከበዛ ማሳደጉን ማስላት አልቻልኩም ብሎ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ጊዜ ከማሳደጌ በፊት ሪፖዎቹ ገና ክፍት እያሉ ፒፒኤዎቹን በፒፒኤ ፐርጅ አወጣሁ። ‹ሎካል› የሚሉትን አንድ በአንድ አየሁ። ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ጀመርኩ። ካለቀ በኋላም ሁሉንም መልሼ አልከፈትኩም። አንድ ሳምንት ተጠቀሙበትና የጎደላችሁን ብቻ መልሱ። አዲሱ ኡቡንቱ ውስጥ ያ ፕሮግራም በበቂ ቨርዥን ገብቶ ሊሆን ይችላል።

የእህቴ ላፕቶፕ ላይ አሁን ሁለት የውጭ ሪፖ ነው ያለው። ዴስክቶፑ ላይ ‹ሪፖ› የሚል ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ። የሪፖው ስም፣ ለምን እንደገባ፣ የገባበት ቀን፣ እንዴት እንደሚወጣ በአማርኛ ተጽፎበታል። ባለፈው ሰሞን ሱቋ የመጣ ልጅ የማተሚያ ድራይቨር ሊጭንላት ተርሚናል ከፈተ። ‹ቆይ የኔ ልጅ› አለችው፣ ፋይሉን ከፍታ ‹መጀመሪያ ስሙን እዚህ ጻፍልኝ።›